በእፍኝ ሽምብራ የተሸጠው ወንድሜ

ዓይኔ ከድቶኛል፣ ጉልበቴም እያስቸገረኝ ነው፤ አፍንጫዬ ግን እንደ ልጅነቴ ነው። ባለፈው ሳምንት የእማዬ ሙት ዓመት ደረሰና ጧፍና ዘቢብ ልገዛ መርካቶ ወረድኩ። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የያዝኩት ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ማዘር፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ» እያለ አራት ሰው በሚቀመጥበት አምስት ሲያጭቅ፣ እኔም በሆዴ ስራገም ደረስኩ። የዱሮው መርካቶ የት አለና፤ ያ ሁሉ በረንዳ መስታወት በመስታወት ሆኗል። ምን አለሽ ተራ አካባቢ ስደርስ ግን አንዲት ሴት በቆርቆሮ ምድጃ ላይ ሽምብራ ትቆላለች። ሽታው ሲመጣብኝ እዚያው መንገዱ መሀል ቆምኩ። ተሸካሚዎች «እናት፣ ወገድ በሉ» ይሉኛል፣ እግሬ አልነቃነቅ አለኝ። ሴትዮዋ አየችኝና ጥቂት በእጇ ዘግና «ይቅመሱ እማማ» አለችኝ። ጥርስ የለኝም አልኳት። ዋሽቼ ነው፤ ጥርስስ አለኝ። ወንድሜ የተሸጠው በእፍኝ ሽምብራ ስለሆነ በእኛ ቤት ሽምብራ አይበላም። ሽሮአችን እንኳ የአተር ብቻ ነበር።

ቤታችን ከዚያች ሴትዮ ምድጃ ብዙም የማይርቅ፣ ለሁለት ሰው ጎን ለጎን የማይበቃ ቀጭን መንገድ ውስጥ ነበር። አባዬ ጎጃም ተወልዶ መርካቶ ያረጀ የሸማ ነጋዴ ነው። ፊት ለፊታችን ከወሎ የመጡ ሙስሊሞች፣ እትዬ ዘይነባና ባሏ ጋሽ እንድሪስ ይኖሩ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ምን አለሽ ተራ የዘይት ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ ምድጃ ይሠራል፤ መዶሻው ዝም ያለ ቀን ታመመ ማለት ነው። ያኔ በስሙኒ የተገዛ ቆሎ የቀሚስ ኪስ ይሞላ ነበር። ኮንጎ ጫማ ያደረገ ልጅ ዝናብ ሲመጣ ይኮራል፣ ፀሐይ ሲመጣ እግሩ ይቃጠላል። ናይለን ቀሚስ የለበሰች ሴት ካለፈች መንገዱ ሁሉ ዞሮ ያያታል። ከጥግ ያለው ሙዚቃ ቤት አንዱን ዘፈን ሸክላው እስኪያለቅስ ድረስ ይደጋግመዋል፤ እትዬ ዘይነባ ደግሞ እሱን ላለመስማት መንዙማዋን ታንጎራጉራለች። ረጅም፣ ጥቁር፣ ሻሿን ግንባሯ ድረስ አውርዳ የምታስር፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ነበረች። እማዬ በተቃራኒው ትንሽዬ፣ ችኩልና ሁሉን ነገር የምትፈራ ናት። እንዴት እንደዚያ እንደተዋደዱ አላውቅም።

እማዬ ከእኔ በኋላ የወለደቻቸው ሁሉ ሞተውባታል። አንዱም ለክርስትና አልደረሰም። እናንተ የዛሬዎቹ ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን ፍትሐት የለው፣ ዝክር የለው፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ዝም ተብሎ ይወሰዳል። እማዬ ጠበል ለጠበል ተንከራታለች። ሚካኤል ደጅ ጃንጥላ ተስላለች። ደብተራ የጻፈላትን ክታብ በቀይ ቆዳ አሰፍታ አንገቷ ላይ አስራለች። አንድ ቃልቻ ዘንድ ሄዳ ጥቁር ዶሮ ሰጥታ ተመልሳለች። ከላይም ከታችም ማንንም ላለማስቀየም ነበር ጭንቀቷ። አባዬ ይሄን ሁሉ እያየ ዝም ይላል፤ አንድ ቀን ብቻ «አስካለ፣ በዚህ ሁሉ በር እያንኳኳሽ የቱ እንደተከፈተልሽ በምን ልታውቂ ነው?» አላት። እሷም «ይከፈት እንጂ፣ የትኛውም ቢሆን» አለችው።

ወንድሜን ስታረግዝ እትዬ ዘይነባ መጣች። እኔ እግሯ ስር ተቀምጬ ነበርና ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «አስካለ፣ ሞት ስም እየጠራ ነው የሚዞረው» አለች። «የአስካለ ልጅ የታለ ይላል። የአስካለ የሚባል ልጅ ካጣ ምን ይወስዳል? እኛ አገር እንዲህ ያለች እናት ልጇን ትሸጣለች። እኔ እገዛዋለሁ።»

ወንድሜ ተወልዶ ሳምንት ሳይሞላው፣ ጎህ ሲቀድ፣ እማዬ በአሮጌ የተቀደደ ነጠላ ጠቅልላው መንገዱ ላይ ወጣች። አዲስ ጨርቅ አይፈቀድም። አባዬና እኔ በራችን ላይ ቆምን።

«የሚገዛ አለ?» አለች እማዬ።

«ምንድነው የያዝሽው?» አለች እትዬ ዘይነባ ከደጃፏ፣ የማታውቃት ይመስል።

«እኔ እንጃ። የማይረባ ነገር ነው፣ ልጥለው እየሄድኩ ነው።»

እትዬ ዘይነባ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየችና ፊቷን አጨማደደች። «ይኼማ ከሲታ ነው። መልክም የለው። ምን ያደርግልኛል?»

«ውሰጂው በቃ። ስትፈልጊ ለውሻ ስጪው።»

መርካቶ ተወልጄ አድጌያለሁ፤ ሻጭ የገዛ ዕቃውን ሲያጣጥል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እትዬ ዘይነባ «ከወሰድኩት የኔ ነው። ነገ ዞረሽ ልጄ ብትይ አልሰማሽም» አለች። እማዬ «አልልም» አለች። ልጁን ሰጥታ፣ በባዶ እጇ አንድ እፍኝ የተቆላ ሽምብራ ተቀበለች። ይሄኔ አባዬ፣ ዕድሜ ልኩን የነገደ ሰው አይደል፣ ከአፉ አመለጠውና «ምርቃትስ?» አለ። ሁላችንም ደነገጥን። እትዬ ዘይነባ ግን ኮስተር እንዳለች ተመልሳ ቆንጠር አድርጋ ጨመረች። ከዚያ ወዲያ እማዬ ወንድሜ እንዴት እንደተረፈ ስትጠየቅ «ምርቃቱ ነው» ትል ነበር። ዋጋው እዚያው መበላት አለበት፤ የተበላ ዋጋ አይመለስም፣ ሽያጩም አይፈርስም። እማዬ መንገዱ ላይ ቆማ እያለቀሰች፣ ያንን ደረቅ ሽምብራ አንድም ሳታስቀር አኝካ ዋጠችው። ያንን ድምፅ እስከዛሬ እሰማዋለሁ።

ስሙን እትዬ ዘይነባ ሰይድ አለችው። የሚጠባው ግን የእማዬን ጡት ነው። ሲያለቅስ እትዬ ዘይነባ ሰፈሩ እንዲሰማ ጮክ ብላ «ጎረቤት፣ ልጄ ራበው፣ ጡትሽን አውሺኝ» ትላለች። እማዬ ወጥ እያማሰለች ከሆነ ማማሰያውን ጥላ ትሮጣለች። አጥብታ ስትጨርስ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጥሩ ጎረቤት ነሽ» ትባላለች፣ ትወጣለች። አርባ ቀኑ ሲደርስ እትዬ ዘይነባ ራሷ አቅፋ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር አደረሰችው። ክርስትና አባቱ ተቀብሏት ገባ፤ እሷ ጃንጥላዋን ዘርግታ ውጭ ቆማ ጠበቀች። የክርስትና ስሙን እማዬ ለማንም አልነገረችም፤ የሚያውቀው መምሬ ይፍሩ፣ የንስሐ አባታችን፣ ብቻ ነበር። ልጁ አፉን ሲፈታ እትዬ ዘይነባን «እማ» አለ። እማዬን ደግሞ እንደተማረው «እትዬ አስካለ» ይላታል፣ እርስዎ እያለ። እሷም «የዘይነባ ልጅ፣ ና እስቲ» ትለዋለች። አትስመውም። ሲወድቅ እጇ ይነሳና ይመለሳል።

ሰይድ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲቃረብ ነው ነገሩ የፈነዳው። ለፋሲካ ልትቆርብ ፈልጋ እማዬ ለመምሬ ይፍሩ ሁሉን ተናዘዘች። መምሬ ደግ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ተቆጡ። «ልጄ፣ ይኼ እኮ አስማት ነው። ልጁን የሰጠሽ እግዚአብሔር፣ የደበቅሽው ከማን ነው? ሄደሽ መልሺው፤ ሳትመልሺው ለቁርባን እንዳትመጪ» አሏት። እያለቀሰች ቤት ስትደርስ እትዬ ዘይነባም ከደጃፏ ላይ እያለቀሰች አገኘቻት። የመስጊዳቸው ሸህ ሰምተው ኖሯል። ሺርክ ነው፣ በአላህ ላይ ማጋራት ነው፣ አጀል፣ የሞት ቀጠሮ፣ በአላህ እጅ ነው፣ የሰው ልጅ ገዝቶ ከሞት የሚያስመልጥ ሴት የለችም፣ ዛሬውኑ መልሺላት ብለዋታል። ቄሱና ሸሁ በሌላ በምንም አይስማሙም፣ በዚህ ግን ተስማሙ። ሁለቱ ሴቶች መንገዱ ዳር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡና ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው አለቀሱ።

በማግስቱ ጠዋት እማዬ እፍኝ ሽምብራ ቆልታ መልሳ ልትገዛው ወጣች። እንደ መጀመሪያው ቀን አባዬና እኔ በራችን ላይ ቆምን። ሰይድ የእትዬ ዘይነባን ቀሚስ ይዞ፣ እግሩ ላይ አዲስ ሸራ ጫማ አድርጎ ያያል። እትዬ ዘይነባ መዳፏን ዘረጋች። እማዬ እጇን ልትፈታ ስትል ልጁ አስነጠሰ፣ ቀጥሎም ሳል ያዘው። ምንም አልነበረም፣ ቀላል ጉንፋን ነው። የእማዬ እጅ ግን ጥብቅ ብሎ ተጨበጠ። ሽምብራው በጣቶቿ መሀል ሲንጠባጠብ አየሁት።

«አልችልም» አለች። «ዘይነባ፣ ሞትኩልሽ፣ አልችልም። ቆርቤ ልጁን ልቅበር?»

ከወዲያ የጋሽ እንድሪስ መዶሻ ይሰማል። እትዬ ዘይነባ የተዘረጋ እጇን ሰብስባ ብዙ አሰበች። ከዚያ የልጁን እጅ ይዛ ወደ እማዬ ገፋ አደረገችው።

«አልሸጥልሽም» አለቻት። «የኔው ነው። ግን አደራ ልስጥሽ። ቤትሽ ይደር፣ ከገበታሽ ይብላ፣ ቤተ ክርስቲያን ይዘሽው ሂጂ። አሳድጊልኝ። የጠየቅኩሽ ቀን ታስረክቢኛለሽ።»

እማዬ ሰይድን ይዛ ያን ጠዋት መምሬ ዘንድ ሄደች፤ እኔም ተከትያለሁ። መምሬ አዳመጡና «አደራ ነው ያለችሽ?» ሲሉ ጠየቁ። አዎ አባቴ አለች። ጢማቸውን እያሻሹ ልጁን አዩት፣ አዩት። «እንግዲህ እኔ ምን እላለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አደራ ያልሆነ ልጅ ያላት እናት አላውቅም። ባለቤቱ ሌላ ነው፤ አንዳችን ለአንዳችን እንቀባበላለን።» መስቀላቸውን አሳለሟት፣ ቆረበች። ሸሁም ለእትዬ ዘይነባ፣ ሽያጩን ተዪው፣ አማና፣ አደራው፣ ግን በአላህ ዘንድ ይጠየቃል፣ ተጠንቀቂ ማለታቸውን ሰምተናል።

እንዲህ ሆኖ ወንድሜ ቤቱ ገባ። አንድ አልጋ ላይ ተኛን፣ ከአንድ ትሪ በላን። እማዬ ግን ልጄ አላለችውም። መምሬ የፈቱት ቁርባኑን እንጂ ፍርሃቷን አልነበረም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ወላጅ ተጠርቶ ሄደች። ሰይድ ጎበዝ ተማሪ ስለነበር ሊያመሰግኑት ነው የጠሩት። አስተማሪው «እናቱ ነዎት?» አላት። ልጁ አጠገቧ ቆሞ ፊቱ በርቶ ያያታል። እማዬ «ጎረቤት ነኝ» አለች። ያን ቀን ራት አልበላም። ከተኛን በኋላ ቀስ ብሎ «አንቺን ልጄ ትልሻለች አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ምን ምን ይላል ሲሰማ?» አለኝ። ጋቢውን ሳብ አድርጌ አለበስኩት፣ እሱ ግን ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሰይድ አድጎ አስተማሪ ሆነ። ፀጉሩን አጎፍሮ፣ እግሩ ሰፊ ሱሪ ለብሶ፣ መጽሐፍ በብብቱ ይዞ ይመጣና እኔን ይከራከረኛል፤ እሷን መከራከር አይደፍርም። «ሃይማኖት ልመና ነው፣ አስማት ውል ነው» ይለኛል። «የሚለምን ሰው እምቢ ሊባል እንደሚችል ያውቃል። የሚዋዋል ግን ዋጋውን ከፍያለሁና ስጠኝ ይላል። የኛ እናት ሞትን ተዋዋለችው።» እኔም ስለቱስ እለዋለሁ። ልጄን ብትሰጠኝ ጃንጥላ አገባልሃለሁ ማለትስ ውል አይደለም ወይ? ይስቃል፣ ራሱን ያካል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ክታቡም ውስጥ ያለው ያው የእግዜር ስም ነው፣ ጠበሉም ያው ውኃ ነው፣ የት ጋ ነው ድንበሩ እለዋለሁ። እኔ አልተማርኩም፤ ከእማዬ ጋር ኖሬ ያየሁትን ግን አውቃለሁ። ስትለምንም ስትዋዋልም ጉልበቷ የሚንቀጠቀጠው እኩል ነበር። ሰይድ ይሰማኝና በመጨረሻ ሁልጊዜ እዚያው ይመለሳል፦ «እሺ ይሁን። አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ብትለኝ ምን ይቀርባታል?» ሰው አግብቶ፣ ወልዶ፣ ሽበት አውጥቶም ይኼን ይጠይቃል።

ባለፈው ሳምንት ያንን ሽምብራ ካሸተትኩ በኋላ ጧፌን ይዤ በቀድሞ ቤታችን በኩል አለፍኩ። ቀጭኑ መንገድ የለም። እማዬ ቆማ ዋጋውን የበላችበት ቦታ ላይ የሞባይል ሽፋን የሚሸጡበት ሕንፃ ደረጃ ነው ያለው። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ጥበቃው «ማዘር፣ ደከመዎት?» አለኝ፤ ትንሽ ብዬው የመጨረሻዋን ቀን አሰብኩ።

እማዬ ታማ ተኝታለች፣ ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነበር። መምሬ ይፍሩ ቀድመው ስላለፉ ሌላ ቄስ መጥተው ጠበል ረጭተው፣ ዳዊት ደግመው ሄደዋል። እትዬ ዘይነባ በከዘራ እየተደገፈች ገባችና ራስጌዋ ተቀመጠች። ሰይድ ግርጌ ቆሟል፣ እኔ በሩ አጠገብ። እማዬ ዓይኗን ገለጠች።

«ዘይነባ፣ አደራሽን ተረከቢኝ» አለች። «ይኸውልሽ፣ ሳይጎድል።»

«ተረክቤያለሁ እህቴ» አለች እትዬ ዘይነባ። ከዚያ የሰይድን እጅ ያዘችና ወደ እማዬ ሳበችው። «አሁን በቃ፣ የኔም ጊዜ ደርሷል። ያለዋጋ መልሼልሻለሁ፣ ወስደሽ ልጄ በይው። ይኸው ሸብቷል፣ ማን ይነካዋል?»

ሰይድ አልጋው ስር ተንበረከከ። ያ ራት ያልበላው ልጅ ነው የተንበረከከው። እማዬ ፊቱን ብዙ አየችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ልትለው ነው አልኩ። ከዚያ ዓይኗ ወደ ክፍሉ ጥግ ሄደና ተመለሰ፣ ድምጿንም ዝቅ አደረገች።

«ተይ ዘይነባ» አለች። «ዛሬማ እዚሁ ቤት ገብቷል። እኔን ሊወስድ መጥቶ እዚያ ቆሟል። ይሰማል።»

እማዬ እጇን አንስታ የሰይድን ሽበት ነካ አደረገችው፤ ጡት ከጣለ ወዲህ ስትዳብሰው ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ባላት አቅም ሁሉ ጮክ ብላ፣ ጥጉ እንዲሰማ፣ «የዘይነባ ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጥሩ ጎረቤት ነበርክ» አለችው።

ወንድሜን ያን ያህል ዘመን ያስራበው ቃል አንድ ነው፣ እሷ ያለችው ግን ይኼንን ነው። እኔ በቁጣ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ሰይድ ግን ቀና ብሎ አያት። አስተማሪው፣ ያ ሁሉ ክርክር፣ ያ ሁሉ መጽሐፍ፣ የት እንደሄደ እንጃ። ጉልበቷን ስሞ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ እሱም ለጥጉ እንዲሰማ መለሰላት።

«እርስዎም ጥሩ ጎረቤት ነበሩ፣ እትዬ አስካለ።»

እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። ፊቷ እንዳረፈ ሰው ፈታ አለ።

ቀብሩ ካለቀ በኋላ ለቀስተኛው ወደ ድንኳን ሲመለስ ሰይድ ወደኋላ ቀረ። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ላስነሳው ስጠጋ ጎንበስ ብሎ፣ ማንም የማይሰማው መስሎት፣ «እማዬ» ሲላት ሰማሁት። ለምን በሕይወት እያለች አላልካትም ብዬ ልጠይቀው ነበር፤ ግን መልሱን አውቀው ስለነበር ክንዱን ይዤ አብሬው ቆምኩ።